አሮጌ ቼንሶ፦ ይጠገን፣ ከሁለት አንድ ይሠራ ወይስ ይቀየር?

ከመስቀል በኋላ መሬቱ ጠንክሮ መኪና ወደ ባሕር ዛፉ መግባት ሲጀምር፣ ክረምቱን ጥግ ይዘው የከረሙ ቼንሶዎች (የሞተር መጋዞች) በየጥገና ቤቱ ይደረደራሉ። ከኩታበር ይምጣ ከሐይቅ፣ ከወረኢሉ ይምጣ ከመርሳ፣ ባለቤቱ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ይሄን ላሠራው ወይስ አዲስ ልግዛ?» መልሱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማሽኑ ሳይፈታ ነው። አንዱ «ፒስተኑ በልቷል፣ ይቀየር» ይላል። ሌላው «ትንሽ ጨምረህ የቻይናውን ውሰድ» ይላል። ፒስተኑ ተቀይሮ በወሩ እንደገና የሚያር ማሽን የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያውን ፒስተን ያቃጠለው ነገር ሳይገኝ አዲስ ፒስተን ይገባል፤ ያው ምክንያት አዲሱንም ያቃጥለዋል።

ይህ መመሪያ ስድስት አማራጮችን ያነጻጽራል። የማሽን ስም የሚነሳው መጠኑን ለመለየት ብቻ ነው። ዋጋም በብር አልተጻፈም፤ ከገበያ ገበያ፣ ከወር ወር ይለያያል። በምትኩ ሁሉም የሚለካው «ተመሳሳይ ጉልበት ያለው አዲስ ማሽን ዛሬ ስንት ነው?» ከሚለው አንጻር ነው። ስለዚህ ወደ ጥገና ቤት ከመሄድዎ በፊት የአዲሱን ዋጋ ከሁለት ሱቅ ይጠይቁ።

መመዘኛዎቹ

መጀመሪያ ሥራው ይለይ። ማገዶ፣ አጠናና ማገር ለሚቆርጥ ሰው ከ40 እስከ 55 ሲሲ (የሞተር መጠን) ያለው ማሽን፣ ባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት) ከ40 እስከ 50 ሳንቲሜትር ሆኖ ይበቃዋል። ግንድ ሰንጥቆ ጣውላ ለሚያወጣ ሰው ግን 70 ሲሲና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ መሰንጠቅ ማለት ማሽኑን በሙሉ ጋዝ ለደቂቃዎች ያለ ዕረፍት ማስጮህ ነው። ትንሽ ማሽን በዚህ ሥራ የሚሞተው በአቅም ማነስ ብቻ ሳይሆን በሙቀት ነው። ደረቅ ወይራና ግራር ደግሞ ከእርጥብ ባሕር ዛፍ ጋር አይወዳደሩም፤ ሰንሰለቱንም ሞተሩንም እጥፍ ይፈትናሉ።

ሁለተኛው የሲሊንደሩ ጤና ነው። ሦስተኛው ሞተሩ ከጎን አየር ይስባል ወይስ አይስብም የሚለው ነው። አራተኛው መለዋወጫው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ይገኛል ወይስ መርካቶ ድረስ መላክ አለበት የሚለው ነው። አምስተኛው ደኅንነት ነው፦ የሰንሰለት ፍሬን አለው? እጀታው በላስቲክ ወይም በሞላ ተንጠልጥሎ ንዝረት ይቀንሳል? ሰንሰለት ሲበጠስ የሚይዘው ብረት በቦታው ነው? ማጥፊያው ያጠፋል? እነዚህ የጎደሉትን ማሽን ጉልበቱ ቢያስጎመጅም በሙሉ ልብ «ጠግነው» ማለት ይከብዳል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው በዓይን ግምት አይለዩም። ሦስት ምርመራ ይፈልጋሉ፤ ሦስቱም ተደምረው ከአንድ ሰዓት አያልፉም።

ምርመራ አንድ፦ በማርሚታው በኩል መመልከት

ማርሚታውን ይፍቱና ገመዱን ቀስ ብለው እየሳቡ ፒስተኑን በባትሪ ያብሩበት። ጭረቱ ያለበት ቦታ ምክንያቱን ይናገራል።

በማርሚታው በኩል ብቻ የቆመ ጭረት ካለ፣ ማሽኑ ቤንዚን አንሶት በሙቀት ተቃጥሏል። ወይ የካርቡራቶሩ ቪቴ (የቤንዚን ማስተካከያ ቡሎን) በጣም ተጠብቧል፣ ወይ ከሆነ ቦታ አየር ይስባል። ጭረቱ ዙሪያውን ከሆነ ንጹሕ ቤንዚን ያለ ዘይት ተሞልቶበታል ማለት ነው፤ ይህ የሰው ስሕተት ስለሆነ ማሽኑ ውስጥ ሌላ ምክንያት መፈለግ ላያስፈልግ ይችላል። በካርቡራቶሩ በኩል የፒስተኑ የታችኛው ቀሚስ ደብዝዞ፣ ግራጫ ሆኖ፣ በአሸዋ ወረቀት የተፈተገ ከመሰለ አቧራ ገብቷል፤ የአየር ፊልትሮው ተቀዷል ወይም በደንብ አልተገጠመም። ፒስተኑ አንጸባራቂ ሆኖ የማሽን ሥራ ስስ መስመሮቹ እስካሁን ከታዩ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ይፈለግ።

ምርመራ ሁለት፦ ኮምፕረሽን፣ የከፍታውን ሂሳብ ጨምሮ

በካንዴላው ቦታ የኮምፕረሽን (የሲሊንደር ግፊት) መለኪያ ገጥመው፣ ጋዙን ሙሉ በሙሉ ከፍተው፣ ዲኮምፕረሽን ቁልፍ (ለማስነሳት ግፊት የሚቀንስ) ካለው ዘግተው፣ መርፌው መውጣት እስኪያቆም አምስት ስድስት ጊዜ ይሳቡ። መለኪያው ጫፉ ላይ ቫልቭ ያለው መሆን አለበት። ቫልቩ ከሰዓቱ አጠገብ የሆነው ባለ ረጅም ቱቦ የመኪና መለኪያ በዚህ ትንሽ ሞተር ላይ ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ የቱቦው ውስጥ ባዶ ቦታ ከማቃጠያው ክፍል ጋር ይደመራልና።

አሁን በወሎ ብዙ ማሽን ያለ ጥፋቱ የሚፈርስበት ጉዳይ ይመጣል። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ትገኛለች። እዚያ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚያሳይ ጤነኛ ማሽን ደሴ ላይ የሚያሳየው 110 አካባቢ ነው። 1,850 ሜትር ገደማ ባላት ኮምቦልቻ ደግሞ ያው ማሽን 120 አካባቢ ያነባል። «ከ120 በታች ከሆነ ፒስተን ይቀየር» የሚለውን ምክር ደሴ ላይ ቃል በቃል የወሰደ ሰው ደኅና ሞተር ያፈርሳል። ደሴና አካባቢዋ ላይ 105ና ከዚያ በላይ ካነበበ አይንኩት፤ ከ85 እስከ 105 ከሆነ ያረጀ ቢሆንም ይሠራል፤ ከዚያ በታች ከወረደ ሲሊንደሩ ይከፈት።

መለኪያ ከሌለ ማሽኑን በገመዱ እጀታ ብቻ አንጠልጥሉት። በየምቱ እየተያዘ፣ ቆም እያለ ከወረደ ጥሩ ነው። ሳይያዝ ዝም ብሎ ከተንሸራተተ ደክሟል። ይህ ግምት እንጂ መለኪያ አይደለም፤ ግን ማሽን ሲገዙ ገበያ መሐል የሚያገለግል እሱ ነው።

ምርመራ ሦስት፦ አየር መሳብ

ይህን የሚዘሉት ብዙ ናቸው፤ ደጋግሞ የሚያስከፍለውም ይኸው መዝለል ነው። የባለ ሁለት ምት ሞተር ታችኛው ክፍል ዝግ መሆን አለበት። በኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ሁለት ጫፍ ያሉት ፓራኦሊዮዎች (ዘንጉን የሚያሽጉ የላስቲክ ቀለበቶች)፣ ካርቡራቶሩን ከሲሊንደሩ የሚያገናኘው ላስቲክ ወይም የሲሊንደሩ ሥር ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ካረጁ አየር በጎን ይገባል። ያ አየር ቤንዚንም ዘይትም አልያዘም። ፒስተኑ በሙቀት የሚቃጠለው በዚህ ነው።

ምልክቱ የታወቀ ነው፦ ጋዝ ለቀውት ማሽኑ ቶሎ አይወርድም፣ እየጮኸ ይቆያል። ወይም ስራ ፈት ሲዞር ወደ ጎን ሲያጋድሉት ድምፁ ይለወጣል። በካርቡራቶር ቪቴ ቢያስተካክሉት በማግሥቱ ይዛባል።

ለማረጋገጥ ልዩ መሣሪያ ባይኖርም አሮጌ የደም ግፊት መለኪያ፣ ማለትም የሚጨመቀው ላስቲክና ሰዓቱ፣ ሥራውን ይሠራል። ሰዓቱ እስከ 300 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያነባል፤ ይህ 0.4 ባር (የግፊት መለኪያ) ነው። በፋብሪካ መመሪያ ከሚጠየቀው 0.5 ባር ትንሽ ቢያንስም ፍሳሽ ለማግኘት ይበቃል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. የብስክሌት ካላማዳሪያ ቆርጠው በማርሚታውና በሲሊንደሩ መካከል አስገብተው ማርሚታውን መልሰው ይሰሩት። በካርቡራቶሩና በላስቲኩ መካከልም እንዲሁ ያድርጉ።
2. አሮጌ ካንዴላ ውስጡን ሰብረው ያውጡ፣ ቀዳዳው ላይ ቀጭን ቱቦ በብረት ማጣበቂያ ያጣብቁ፣ ደርቆ ሲያበቃ በካንዴላው ቦታ ይሰሩት።
3. ገመዱን ስበው ፒስተኑን እስከ ታች ያውርዱ። ከላይ የገባው አየር ወደ ታችኛው ክፍል የሚደርሰው መተላለፊያዎቹ ሲከፈቱ ብቻ ነው።
4. እስከ 300 ይንፉ፣ ይዝጉና 20 ሰከንድ ይቁጠሩ። መርፌው መንቀሳቀስ የለበትም።
5. ከወረደ የሳሙና አረፋ ከቮላኖው (ማግኔት ያለበት የሚዞር ጎማ) ኋላ፣ ከፍሪሲዮኑ ኋላ፣ በላስቲኩ ዙሪያ፣ በሲሊንደሩ ሥርና በዲኮምፕረሽን ቁልፉ ላይ ይቀቡ። አረፋ የሚነፋበት ቦታ ጥፋተኛው ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ቱቦውን በጣት ደፍነው መለኪያው ራሱ እንደማያፈስ ያረጋግጡ። አንድ ጉድለት አለው፦ ፓራኦሊዮ አንዳንዴ ሲገፋ ይይዝና ሲሳብ ይለቃል፤ ይህን የሚያሳየው የመሳብ ፓምፕ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአሥር ዓመት በላይ የሠራ ማሽን በማንኛውም ምክንያት ሲሊንደሩ ከተፈታ ሁለቱም ፓራኦሊዮዎች ይቀየሩ። ከሚያድኑት ፒስተን አንጻር ዋጋቸው ምንም ነው።

አማራጭ አንድ፦ ሰርቪስ ብቻ

ፒስተኑ ንጹሕ፣ ኮምፕረሽኑ ደኅና ከሆነ ከዚህ አያልፉ። «አይነሳም»፣ «ሲሞቅ ይጠፋል»፣ «ጉልበት የለውም» ተብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚያልቁት እዚህ ነው። የሚቀየሩት የቤንዚን ቱቦ፣ በታንኩ ውስጥ ያለው ፊልትሮ፣ ካንዴላና የካርቡራቶር ኪት ናቸው። ኪቱ ውስጥ ዋናው ዲያፍራሙ፣ ስሱ ላስቲክ፣ ነው። ሲያረጅ ይደርቃል፤ በጣት ሲጫኑት እንደ ወረቀት ከተንኮሻኮሸ አልቋል። የቤንዚኑን መርፌ የምታነሳዋ ትንሽ ምላስ በብዙ የዋልብሮ ካርቡራቶሮች ከክፍሉ ወለል ጋር እኩል መሆን አለባት። ከፍ ካለች ማሽኑ ይታፈናል፤ ዝቅ ካለች ይራባል።

የካንዴላው ክፍተት 0.5 ሚሊሜትር ነው። በቦቢናው (የእሳት ብልጭታ የሚያመነጨው) እና በቮላኖው መካከል ያለው ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ይሁን፤ መለኪያ ከሌለ ጠንካራ የስም ካርድ አስገብተው ይሰሩት። ማሽኑ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ሠርቶ ከጠፋና የታንኩ ክዳን ሲከፈት «ፍሽ» ካለ የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ ይህ በነጻ የሚስተካከል ነው። ጉልበት ያጣ መስሎ የማርሚታው ወንፊት በጥቀርሻ የተደፈነም ሞልቷል።

አማራጭ ሁለት፦ የራሱን ሲሊንደር አጽድቶ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) መቀየር

ፒስተኑ ተጭሮ ሲሊንደሩ ላይ ጥቁር ወይም ግራጫ መስመር ሲታይ ብዙ ሰው «ሲሊንደሩም አለቀ» ብሎ ይደመድማል። ያ መስመር ብዙ ጊዜ ከፒስተኑ ቀልጦ የተለጠፈ አሉሚኒየም ነው፤ ከሥሩ ያለው ጠንካራ ሽፋን ደኅና ሊሆን ይችላል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጥጥ በተጠቀለለ እንጨት መስመሩ ላይ ብቻ ይቀቡ። ከፈላ አሉሚኒየም አለ ማለት ነው። በውኃ አጥበው ደግመው ይቀቡ፤ መፍላቱን ሲያቆም ያቁሙ። አሲዱ ሽፋን የሌለውን የቀዳዳዎቹን ጠርዝና የሲሊንደሩን አካል ስለሚበላ አያፍስሱት። ውጭ ሜዳ ላይ፣ ጓንትና መነጽር አድርገው ይሥሩ። በመጨረሻ በ220 ቁጥር የአሸዋ ወረቀት በማጠላለፍ ቀለል አድርገው አሽተው በሳሙና ውኃ ይጠቡ።

ከዚያ ጥፍርዎን በሽፋኑ ላይ ይጎትቱ። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ወይም ሽፋኑ ተልጦ ነጭ አሉሚኒየም ከታየ ሲሊንደሩ በእርግጥ አልቋል። እዚህ ላይ አጥብቀን የምንናገረው አለ፦ የቼንሶ ሲሊንደር እንደ መኪና ሞተር ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስፋት አይቻልም። የመኪናው ካሚቻ (የሲሊንደሩ ግድግዳ) የብረት ነው፤ ይህ ግን ከአንድ ሚሊሜትር በጣም ትንሽ ክፍልፋይ የሆነ ሽፋን የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። ከተፋቀ ሽፋኑ ይጠፋል፤ የሚገባለት ሰፊ ፒስተንም ገበያ ላይ የለም።

ፒስተኑን ከመግዛትዎ በፊት ቦሩን (የሲሊንደሩን የውስጥ ስፋት) በካሊፐር ይለኩ። የማሽን ስም ብቻውን አይበቃም። የስቲል «038» በሚለው ስም ብቻ 48፣ 50 እና 52 ሚሊሜትር ቦር አለ። የሁስክቫርና 61፣ 268 እና 272ም አካላቸው ተመሳሳይ ሆኖ ቦራቸው 48፣ 50 እና 52 ነው። አሮጌ ማሽን ላይ ቀድሞ ሌላ ሲሊንደር ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል የሚያምኑት የለኩትን ነው።

ሲገጥሙ ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አንድ ሳንቲሜትር ያስገቡና የጫፎቹን ክፍተት ይመልከቱ፦ በ50 ሚሊሜትር ቦር 0.2 እስከ 0.4 ጥሩ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ከደረሰ አይግጠሙት። የፒስተኑ ቀስት ወደ ማርሚታው ያይ። የፋሻው ጫፎች በፒስተኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ፒን ይቀፉ። የስፒኖቶው (ፒስተኑ የሚታሰርበት ዘንግ) መያዣ ሽቦዎች አዲስ ይሁኑ፣ ክፍታቸውም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይዙር እንጂ ወደ ጎን አይሁን፤ አሮጌ ሽቦ ወጥቶ ሲሊንደሩን የፈጨባቸው ማሽኖች ጥቂት አይደሉም።

በእኛ ግምት ዕድሜ ለጠገበ ግን ጥሩ ስም ላለው ማሽን ከሁሉም የሚሻለው ይህ መንገድ ነው። ከአዲስ ርካሽ ሲሊንደር ይልቅ የታጠበ የራሱ ሲሊንደር ይቆያል።

አማራጭ ሦስት፦ ሙሉ ኪት

የራሱ ሲሊንደር ካለቀ ሲሊንደር ከነፒስተኑ ይገዛል። ኦሪጅናሉ ከተገኘና ዋጋው ከተቻለ ነገሩ አልቋል። አብዛኛው ጊዜ የሚገኘው ግን የቻይና ኪት ነው፤ ጥራቱም ከካርቶን ካርቶን ይለያያል። ሱቁ ውስጥ ካርቶኑን ያስከፍቱ። ጣትዎን በሲሊንደሩ ውስጥ ባሉት ቀዳዳዎች ጠርዝ ላይ ያሳልፉ፤ ስለታማ ከሆነ ፋሻውን ይይዘዋል። እቤት ወስደው በቀጭን የአሸዋ ወረቀት ጠርዙን ማለስለስና አጥቦ ፍርፋሪውን ማውጣት ያስፈልጋል። ሽፋኑ ቀዳዳዎቹ ዳር ተሰብሮ ወይም አረፋ መስሎ ከታየ አይውሰዱት። አብረው የሚመጡትን ሽቦዎች አይጠቀሙባቸው፤ የተሻሉ ይግዙ።

ገጥመው ሳይጨርሱ አንድ ልክ ይውሰዱ፦ ለስላሳ ስታኞ (የራዲዮ መበየጃ ሽቦ) በካንዴላው ቀዳዳ እስከ ሲሊንደሩ ግድግዳ አስገብተው ገመዱን አንድ ዙር ይሳቡ፣ አውጥተው የተጨፈለቀውን ጫፍ ይለኩ። ከ0.5 ሚሊሜትር ካነሰ ፒስተኑ ሲሞቅ ጣሪያውን ይመታል፤ ወፍራም ጓርኒሲዮን ያስፈልገዋል።

አማራጭ አራት፦ ከሁለት አንድ

ሁለት የሞቱ አንድ ዓይነት ማሽኖች ካሉ ወይም የአንዱ አካል በርካሽ ከተገኘ ጥሩ መንገድ ነው። ሁኔታው አንድ ነው፦ የአንዱ ኮሎና ኩሽኔታ ጤነኛ መሆን አለበት። ቮላኖውን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ፤ ጨዋታ ካለ ወይም ሲዞር ከጎረበጠ ኮሎ መቀየር ስለሚከተል ሂሳቡ ይበላሻል። ከሌላው የሚወሰደው ታንክ፣ እጀታ፣ ቦቢና፣ ካርቡራቶርና የማስነሻ ሞላ ነው። ፓራኦሊዮና ላስቲክ ግን ከአሮጌ አይወሰድም።

አማራጭ አምስት፦ አዲስ ርካሽ የቻይና ማሽን

ማገዶና አጠና ለሚቆርጥ፣ በሳምንት ለጥቂት ሰዓት ለሚጠቀም ሰው ይበቃል። መለዋወጫው በየቦታው ይገኛል። «5200» ወይም «5800» የሚለውን ቁጥር እንደ ሲሲ አይውሰዱት፤ ቦሩን ይለኩ። አዲስ ከተገዛም በኋላ ቡሎኖቹ በሙሉ ይጠበቁ፣ የቤንዚን ቱቦው በአንድ ዓመት ውስጥ ሊቀየር እንደሚችል ይታሰብ። ለጣውላ ግን አይግዙት።

አማራጭ ስድስት፦ ያገለገለ ወይም አዲስ ትልቅ ማሽን

ለሰንጣቂ ብቻ ነው። የስቲል 070 በ58 ሚሊሜትር ቦሩ 105 ሲሲ ያህል ነው፤ ግንድ ላይ እስካሁን የሚፎካከረው ጥቂት ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ የሰንሰለት ፍሬን የላቸውም፣ ንዝረት መቀነሻም የላቸውም፤ ለዓመታት የያዘው ሰው ጣቶቹ በብርድ ነጭ ይሆናሉ፣ ይደነዝዛሉ። ከተቻለ 72 ወይም 90 ሲሲ ፍሬንና ላስቲክ ያለው ይመረጥ። ያገለገለ ሲገዙ ሦስቱን ምርመራ ሳያደርጉ፣ ቢያንስ ማርሚታውን ሳያስፈቱ ገንዘብ አይቁጠሩ። በታወቀ ስም የሚሸጥ አስመሳይ ስላለ ቁጥሩ አካሉ ላይ ተመትቶ እንደሆነ ወይም በተለጣፊ ብቻ እንደሆነ ይመልከቱ።

| አማራጭ | የሚመረጠው | የወጪ ጣሪያ (ከተመሳሳይ አዲስ) | የሚያሰጋው |
|---|---|---|---|
| ሰርቪስ ብቻ | ፒስተን ንጹሕ፣ ደሴ ላይ 105 ፒኤስአይና በላይ | እስከ አንድ አምስተኛ | አየር መሳቡ ሳይመረመር መቅረት |
| ፒስተንና ፋሻ | የሲሊንደሩ ሽፋን ደኅና | እስከ አንድ ሦስተኛ | የተሳሳተ ቦር፣ አሮጌ ሽቦ |
| ሙሉ ኪት | ሽፋኑ የተላጠ፣ ኮሎው ደኅና | እስከ ግማሽ | የኪቱ ጥራት |
| ከሁለት አንድ | አንድ ዓይነት ሁለት ማሽን | እስከ አንድ ሦስተኛ | ያረጀ ኩሽኔታ |
| አዲስ ርካሽ | ማገዶ፣ አጠና፣ ማገር | — | ለጣውላ መጠቀም |
| ትልቅ ማሽን | የዘወትር ጣውላ | — | ፍሬን የሌለው፣ አስመሳይ |

ለማን የትኛው

ለራሱ ማሳ ባሕር ዛፍ ብቻ የሚቆርጥ ገበሬ ማሽኑ ሰርቪስ ካላነሳው አማራጭ አምስትን ይውሰድ፤ ሙሉ ኪት ውስጥ አይግባ። በቀን ሙሉ ጣውላ የሚሰነጥቅ ሰው 70 ሲሲና በላይ ያለው ማሽኑን እስከ አማራጭ ሦስት ድረስ ቢጠግን ያዋጣዋል፤ ግን ሁለት ማሽን ያስፈልገዋል፣ አንዱ ሲጠገን ሥራው እንዳይቆም። ሦስት አራት ማሽን ያለው ማኅበር ሁሉንም ወደ አንድ ዓይነት ቢያመጣ አንድ የሞተ ማሽን የሌሎቹ መለዋወጫ ይሆናል። እጁ ላጠረ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ሰንሰለቱን ይመልከት። ዱቄት እንጂ ፍቅፋቂ የማይጥል ሰንሰለት ደኅናውን ሞተር ደካማ ያስመስለዋል። ለ3/8 ኢንች ሰንሰለት 5.2 ወይም 5.5 ሚሊሜትር ሞረድ፣ ለ.325 ኢንች ደግሞ 4.8 ይጠቀሙ። ማዕዘኑ ለመቁረጥ 30 ዲግሪ፣ ለመሰንጠቅ 10 ዲግሪ ነው፤ ከመቁረጫው ጥርስ ፊት ያለችው የጥልቀት ወሰን ከጥርሱ 0.65 ሚሊሜትር ዝቅ ትበል። ሰንሰለቱን በሞረዱ ቁጥር ባሩን ገልብጡት። ሰንሰለቱን የሚያዞረው ባለጥርስ ግማሽ ሚሊሜትር ከተቆፈረ ሳይቀየር አዲስ ሰንሰለት አይገባበት።

ቤንዚን፣ ዘይትና ከፍታ

የቼንሶ ዘይት የመኪና 40 ቁጥር ዘይት አይደለም፤ ባለ ሁለት ምት ዘይት ነው። ደኅና ጥራት ያለው ከሆነ 50 ለ 1፣ ማለትም በሊትር 20 ሚሊሊትር። ጥራቱ ያልታወቀ ከሆነ ወይም እንደ 070 ላለ አሮጌ ማሽን 25 ለ 1፣ በሊትር 40። በክዳን አይለኩ፤ ከመድኃኒት ቤት የ20 ሚሊሊትር ስሪንጅ ይግዙ። አንድ ስሪንጅ ለአንድ ሊትር፣ 25 ለ 1 ከሆነ ሁለት። ለ5 ሊትር ጀሪካን 100 ወይም 200 ይሆናል። የተደባለቀው ከአንድ ወር በላይ አይቀመጥ። ለሰንሰለቱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መጠቀም ፓምፑን ይደፍናል፣ ያለበት የብረት ፍርፋሪም ባሩን ይበላል።

ካርቡራቶሩ ከፍታን አያውቅም። ኮምቦልቻ ላይ የተስተካከለ ማሽን ወረኢሉ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፦ ያጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። ይህን ያየ ሰው ኤች (H) የሚለውን፣ በሙሉ ጋዝ ቤንዚን የሚመጥነውን ቪቴ አንድ ስምንተኛ ዙር ያህል ጠበብ ሲያደርግ ማሽኑ ይነቃል። አደጋው ሲወርድ ነው። ደሴ ላይ የተጠበበ ማሽን ወደ ከሚሴ ሲወርድ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው፤ አየሩ ወፍሯል፣ ቤንዚኑ አንሷል። ጉልበቱ የጨመረ ይመስላል፣ ጩኸቱ ይጠራል፣ በዚያው ቀን ፒስተኑ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ቆላ ሲወርዱ ሰንሰለቱ እንጨት ሳይነካ ቪቴው ይመለስ። ትክክሉ ድምፅ ይህ ነው፦ በሙሉ ጋዝ፣ ያለ እንጨት፣ ትንሽ ይንተባተብ፤ እንጨት ሲነካ ይጠራ። እንጨት ሳይነካ የጠራ ማሽን ተጠቧል። የሁለቱም ቪቴዎች (ኤችና ኤል) ልክ ከጠፋብዎ ቀስ ብለው እስኪነኩ ዘግተው አንድ አንድ ዙር ይክፈቱና ከዚያ ይጀምሩ።

አዲስ ፒስተን የገባበት ማሽን በመጀመሪያው ታንክ ረጅም ሙሉ ጋዝ አይሰጠው፣ ኤች ቪቴው ትንሽ ከፈት ይበል። ከሁለት ታንክ በኋላ የሲሊንደሩና የማርሚታው ቡሎኖች በቀዝቃዛው እንደገና ይጠበቁ።

ደላንታ ወይም መቅደላ ላሉ፣ ለአንድ ካንዴላ ደሴ መውረድ ለሚገባቸው፣ ከማሽኑ ጋር በአንድ ከረጢት የሚቀመጥ ዕቃ ይህ ነው፦ ሁለት ካንዴላ፣ አንድ የካርቡራቶር ኪት፣ ግማሽ ሜትር የቤንዚን ቱቦ፣ የታንክ ፊልትሮ፣ የማስነሻ ገመድ ሁለት ሜትር፣ ሁለት ፓራኦሊዮ፣ የልኩ ሁለት ሞረድ፣ ካቻቪቴና የካንዴላ ቁልፍ፣ ስሪንጁም እንዳይረሳ።